ባዶ መሬት የተባለው ቡና

መላኩ የሰደበኝ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በወረዳችን የመሬት ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እየሰማ። ሰዉን ቆጥሬዋለሁ። ስሰደብ የሰሚውን ብዛት መቁጠር ልማዴ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ። መላኩ የካሳ ገማቹ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው፤ ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጄ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። «ጉቶ ቡና ነው ብለህ ልትከራከረኝ ነው? እንደዚያማ ከሆነ ባርኔጣህን አውልቅና ጸጉር አለው ብዬ ልመዝግብህ።»

መላጣ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ አሥራ አንዱም ሳቁ። ገበያነሽም ሳቀች። ገበያነሽ ከጅረቱ ማዶ ያለች ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እሷም ሳቀች።

መላኩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ጨመረበት። «ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው አሉ። ሕጉን ለሚያነበው ተውለት። ሠላሳ ቀንህን ቁጠርና አስረክብ። የሚቀጥለው ይግባ።»

ሰዎች «ጋዲሳ ቂመኛ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። በ1976 መምህር ገብረኪዳን በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንተ ከሰሌዳው ይልቅ ለመጥረጊያው ትሆናለህ» ብሎኛል፤ በዓመቱ አባቴ ሞቶ ትምህርቱን ስተው «አላልኳችሁም?» አለ አሉ። በ1989 የሚስቴ ወንድም በሠርግ ድንኳን ውስጥ ወንበር ጎድሎ «አንተ እዚያ ጫማው ጋ ተቀመጥ» ብሎኛል። ይቅር በል ይሉኛል። ይቅርታ የሚደረገው ለጠየቀ ነው፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

የጉቶውን ነገር ላስረዳ፤ ቡና የማያውቅ ሰው ይህን ሊያነብ ይችላል። ከአባቴ የወረስኩት ቡና ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከቤቴ ጓሮ ከእንሰቱ ጋር፣ ሌላው ታች ከመኪናው መንገድ ዳር። የታችኛው አርጅቶ ነበር። እንጨቱ ወፍሮ፣ ቅርንጫፉ ደርቆ፣ ፍሬው ለሽታ ያህል ብቻ ሆነ። የልማት ጣቢያው ሠራተኛ አለባቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ወተወተኝ፤ «ይጎንደል ጋሼ፣ ይጎንደል» እያለ። ጉንደላ ማለት ያረጀውን ቡና ከጉልበት ዝቅ አድርጎ አግድም ሳይሆን ሸርተት አድርጎ በመጋዝ መቁረጥ ነው። ሥሩ ሕያው ስለሆነ ከጉቶው ላይ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ደኅና ደኅናውን ሁለት ሦስቱን ትተህ ሌላውን ታነሳለህ፤ በሦስተኛው ዓመት እንደ ጎረምሳ ያፈራል። አባትህ የተከለውን ዛፍ በገዛ እጅህ መቁረጥ ግን ቀላል አይደለም። በየካቲት 2006 ቆረጥኩት። አራት መቶ ስድስት እግር ቡና። ሚስቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ኮሚቴው የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ለመናኸሪያ የሚሆን ቦታ ሊለካ። ሜትራቸውን ዘርግተው፣ ጉቶውን እንደ በርጩማ ተቀምጠውበት፣ «ባዶ መሬት» ብለው ጻፉ አሉ። እኔ ለቅሶ ሄጄ አልነበርኩም። ሐሙስ ጥቅምት 13 ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በቦታው ላይ ምንም ንብረት ስለሌለ በሠላሳ ቀን ውስጥ አስረክብ የሚል። ባዶ ከተባለ ቡናው የለም ማለት ነው። ቡናው ከሌለ እኔም የለሁም፤ አባቴም እዚያ ቆፍሮ አያውቅም። እስከ ኅዳር 13 ያንን አንድ ቃል ካላስለወጥኩ ዶዘሩ ገብቶ የነበረውን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ቀንበጡ ወገቤ ጋ ደርሶ ነበር፤ መላኩን ናና እይ ብለው «መዝገቡ ተዘግቷል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የባርኔጣው ነገር የመጣው።

በማግሥቱ አለባቸው ዘንድ ሄድኩ። የችግኝ ጣቢያው አጥር ጥግ ቆሞ አገኘሁት።

«አንተ ነህ ያስቆረጥከኝ። መጥተህ መስክር» አልኩት።

«ጋሼ ጋዲሳ፣ እኔን እዚህ ውስጥ አያስገቡኝ። ደመወዝተኛ ነኝ።»

«ስታስቆርጠኝስ ደመወዝተኛ አልነበርክም?»

ቦት ጫማውን በእንጨት ይፍቅ ጀመር። ጭቃው ሲያልቅ ቀና አለ። «የእኔን ቃል ምን ያደርግልዎታል? ነገ ተዛውሬ ቡሌ ልገኝ እችላለሁ። መጽሐፉን ይፈልጉ። የቡና ማኑዋሉን መንግሥት ራሱ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎታል፤ ጉንደላ የሚል ምዕራፍ አለው። የመሬት ካሳው አዋጅም አለ። ሕግ እዚህ ቢሮ ብቻ ያለ ይመስልዎታል እንዴ?»

እውነቱን ልናገር፤ ይመስለኝ ነበር። ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ሕግ ማለት በቁልፍ የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ያለ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ለማንም ተለጥፎ እንደሚውል የነገረኝ የለም። ለአለባቸውም ፈሪነቱን አልረሳለትም፤ ይህችን ግን ነግሮኛል።

ሐሙስ ጠዋት በወናጎ የሚያልፍ ሚኒባስ ይዤ ዲላ ገባሁ። ባጃጁ የዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ «ኢንተርኔትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ቤት በር ላይ አወረደኝ። ባለቤቷ ሩቂያ ትባላለች፤ አባቷ ከወልቂጤ መጥቶ እዚያው በር ላይ ጨውና በርበሬ ሲሸጥ አስታውሳለሁ። ጨው ሲሰፍር እጁ ቀና ነበር። እሷ አርባውን ያለፈች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ ሴት ናት። አራት ኮምፒውተር አላት፤ ሦስቱን ተማሪ ይዞታል።

«ምን ላድርግልዎት ጋሼ?»

«ሕግ ፈልጊልኝ።»

አንዱ ተማሪ ዞር ብሎ «ፌስቡክ ይከፈትልዎት ጋሼ፣ ሕጉም ሚስቱም እዚያ ነው ያለው» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ቀዩ ሹራብ ነው የተናገረው።

«አንተ ክፍያህ አልቋል፤ ተነስና ለእሳቸው ልቀቅ» አለችው ሩቂያ። እኔ ግን አራተኛው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ባሞቀው ወንበር ላይ አልቀመጥም።

መጀመሪያ የከፈተችው አንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ሰዎች ሪባን ሲቆርጡ የሚያሳይ ፎቶ ሞልቶበት ነበር። ወደ ታች ወረደች፤ ስብሰባ። ደግሞ ወረደች፤ ሌላ ስብሰባ፣ የታሸገ ውኃ ከፊታቸው ተደርድሮ።

«ሕጉስ?»

«ከፎቶው ሥር ይሆናል። ይታገሱ።»

«ስንት ስብሰባ ነው የተሰበሰቡት?»

«ጋሼ፣ እየቆጠሩ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ይህ ሳቅ ግን ሌላ ነው፤ አልያዝኩባትም።

ሁለተኛው ድረ ገጽ አልከፈት አለ። ሦስተኛው ተከፈተና ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ቦታ አንድ ሰው ስለ መሬት ካሳ ብዙ ጽፏል፤ እኔ በተስፋ ማንበብ ስጀምር ሩቂያ እጇን አወናጨፈች። «ይሄ የሰው አስተያየት ነው። እዚያ ቢሮ ‹አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ እንዲህ አለ› ቢሉ ያባርሩዎታል። እኛ የምንፈልገው ነጋሪት ጋዜጣውን ራሱን ነው፤ በማኅተሙ ያለውን።» ይህን እያለች መብራት ጠፋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅኩ። አልመጣም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ዓርብ ደግሞ መጣሁ።

ዓርብ አገኘነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997። ወረቀቱ በስካነር የተነሳ ስለሆነ ጠርዙ ጠቁሯል፤ በግራ በኩል አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ሩቂያ መነጽሯን አወረደችና «እኔ ላንብብልዎት» አለች።

«እኔ አነባለሁ።»

«ይረዝማል እኮ።»

«ይርዘም።»

ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። «ጣትዎን ከመስተዋቱ ላይ ያንሱ» ትለኛለች፤ አነሳለሁ፤ ተመልሶ ይሄዳል። አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሠላሳ ቀን የሚለው በእርግጥ አለ፤ መላኩ አልዋሸም። ግን ሠላሳው ቀን ሰብል፣ ቋሚ ተክል ወይም ሌላ ንብረት ለሌለበት መሬት ነው። ንብረት ያለበት ከሆነ ግን ዘጠና ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ካሳው ከተከፈለ በኋላ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ሌላውን ትቶታል። ቀጥሎ የአዋጁን ማስፈጸሚያ ደንብ አወጣችልኝ፤ ገና ፍሬ መስጠት ያልጀመረ ቋሚ ተክልም የሚገመትበት መንገድ ተጽፏል። በመጨረሻ የቡናውን ማኑዋል። ሥዕል አለው፤ ጉቶው፣ ሸርተት ያለው አቆራረጥ፣ ቀንበጡ። ልክ እንደ እኔ። ባዶ የተባለው መሬቴ በመንግሥት መጽሐፍ ውስጥ በሥዕል ቆሟል።

ሩቂያ አዋጁን ልታትም ስትል «ይቺን አንቀጽ ብቻ» አልኳት። የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

«ራስጌው የሌለው ወረቀት ወረቀት ነው» አለች። «የመጀመሪያው ገጽ፣ ቁጥሩና ቀኑ ያለበት፣ መታተም አለበት። እንዲያውም ሙሉውን ይያዙ። ደግሞ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ያድርጉ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር ያስመቱ። ቁጥር ከተመታ ‹አልደረሰንም› የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም እኔ ልጻፍልዎት፤ በኮምፒውተር ሲሆን ያምራል።»

«አያምርም። በእጄ ነው የምጽፈው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እንደ ወደዱ።»

ቅዳሜና እሑድ ጻፍኩ። አራት ወረቀት አበላሸሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ስድብ ነበር፤ መላኩ ምን እንዳለኝ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው ፊት። ገጹ ሞልቶ ቡናው አልተነሳም። ቀደድኩት። በመጨረሻው ላይ የመላኩን ስም አልጠራሁም፤ ለዚህ ነገር ስንት ጥርስ እንደነከስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የቡናውን ቁጥር፣ የተጎነደለበትን ወር፣ አንቀጹን፣ የማኑዋሉን ገጽ ጻፍኩ። ከታች «መዝገቡ በአካል ታይቶ እንዲስተካከል» አልኩ።

ሰኞ ጥቅምት 24 መላኩ ወረቀቱን አገላብጦ መለሰልኝ። «ይሄን አልቀበልም። ማን ነው የጻፈልህ? ጠበቃ ያዝክ?»

ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩን ተሻግሬ መዝገብ ቤት ገባሁ። ቦንቱ የምትባል ሴት ናት እዚያ የምትሠራው፤ ሻይዋን ወደ ጎን አድርጋ አየችው።

«ጸሐፊው አይቶታል?»

«አይቶ አልቀበልም ብሏል።»

«መቀበልና አለመቀበል የእሱ ጉዳይ ነው፤ የእኔ ሥራ የመጣውን መመዝገብ ነው» አለችና ማኅተሙን መታች። ወረቀቱ ቀለሙን ጠጣ። ቁጥሩ የኔ ቅጂ ላይ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ሰውም በዚያ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት ገበያነሽ ግቢዬ ገባች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የእሷን ደብዳቤ በእጇ ይዛ። የእሷም ቡና ተጎንድሎ ነበር፤ የእሷም «ባዶ መሬት» ተብሏል። ያን ቀን አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ለዚሁ ጉዳይ ኖሯል።

«ጋዲሳ ወንድሜ፣ ሕጉን አግኝተሃል አሉ።»

«ሳቅሽ ነበር።»

«ሳቅኩ።»

«ለምን?»

«እሱ ሲናገር አልነበረም እኮ የሳቅኩት። አንተ ባርኔጣህን በሁለት እጅህ ያዝ አደረግከው። ሊነጥቅህ የመጣ ይመስል። እሱ አሳቀኝ።»

ይህን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል? ተናገረችው። ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠየቀችም። ደብዳቤዋን ዘርግታ ቆመች። ሰባት ልጅ አላት፤ ከዚያች መሬት ሌላ ቡና የላትም።

ገብቼ አዋጁን አመጣሁ። «ዲላ ሩቂያ ጋ ሂጂና አስቀጂው። ራስጌውን እንዳትረሺ። ሁለት ቅጂ። ቦንቱ ጋ ቁጥር አስመቺ፤ መላኩ ጋ አትግቢ። ነገ ወረቀቱን መልሺልኝ።» ይቅር አላልኳትም፤ ሕጉን ግን ሰጠኋት። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወረቀቱን በማግሥቱ መለሰች፤ ሌላም ሰው መጣ፤ ሌላም። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ግቢዬን ረገጡ። አንዱንም ተቀመጥ አላልኩም፤ አንዱንም ባዶ እጁን አልሰደድኩም።

ቁጥር የተመታባቸው ማመልከቻዎች ሰባት ሲሆኑ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው ተነሱ። ዓርብ ኅዳር 5 ጠዋት፣ ሌሊቱን የዘነበው ጭቃ ሳይደርቅ፣ ከመላኩ ጋር ታች ማሳዬ ደረሱ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። አንዱ ጉቶ ጋ ጎንበስ ብለው ቀንበጡን በጣታቸው ያዙና ሳብ አደረጉት። አልተነቀለም።

«መላኩ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚያዝያ ላይ ይሄ አልነበረም ጌታዬ።»

«ሥሩ ሚያዝያ ላይ የት ሄዶ ነበር?» አልኩ።

ማኑዋሉን ለሰብሳቢው ሰጠኋቸው፤ ሥዕሉን አዩ፣ ጉቶውን አዩ። ማሳዬ ዳር ቆመው አንድ ገጽ ሙሉ አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝና «ቁጠር» አሉት ለመላኩ።

ቆጠረ። በዚያ በሚያብለጨልጭ የከተማ ጫማው፣ በዚያ ጭቃ፣ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው። ሁለት መቶ አካባቢ ሲደርስ ተምታቶበት እንደገና ጀመረ። ደስ አላለኝም ብል ዋሽቻለሁ። አራት መቶ አራት አለ። «አራት መቶ ስድስት» አልኩት፤ «ሁለቱ ከድንበሩ ግራር ሥር ናቸው።» ሄዶ አያቸው። አራት መቶ ስድስት ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ኅዳር 11፣ ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ተጠራሁ። አዲሱ ደብዳቤ የድሮውን ይሽራል። «ባዶ መሬት» የሚለው ወጥቶ «ቋሚ ተክል ያለበት፣ 406 እግር ቡና» የሚል ገብቷል፤ ሠላሳው ቀን ቀርቶ ካሳው ከተከፈለ በኋላ ዘጠና ቀን ሆኗል። የሌሎቹም ስድስቱ እንዲሁ። መሬቱ መሄዱ አልቀረም፤ መናኸሪያው ይሠራል፤ እዚያ ላይ ራሴን አላታልልም። ግን ሲሄድ በስሙ ይሄዳል። አባቴ የተከለው ቡና መሆኑ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይሄዳል። እኔም እስከዚያ ድረስ ቀንበጡን ቆርጬ ለገበያነሽ የጓሮ ማሳ ልሰጣት እችላለሁ፤ ወይም ላልሰጣት እችላለሁ። ገና አልወሰንኩም።

ደብዳቤውን ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አልቸኮልኩም። ግቢውን ላልፍ ስል ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። መላኩ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሰው የለም፤ ሁለታችን ብቻ ነን።

«ጋሼ ጋዲሳ፣ አንድ ጊዜ» አለ። ሰውዬው ቀርቶ ጋሼ ሆኛለሁ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ አዋጅ… ሙሉውን ነው ያገኙት? እኛ ቢሮ አንድ ቅጂ እንኳን የለም። እውነቴን ነው። በሥልጠና የተነገረንን ማስታወሻ ይዘን ነው የምንሠራው፤ እሷም ላይ ሠላሳ ቀን የምትለው ብቻ ናት የተጻፈችው። ሰብሳቢው ትናንት ‹ከየት አመጣው?› ብለው ሲጠይቁኝ የምለው አጣሁ። የት እንዳገኙት ቢነግሩኝ…»

አዋጁ ሙሉውን በብብቴ ሥር ነበር፤ ራስጌው፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሁሉም። የሩቂያ ቤት ከቢሮው በር በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ነው። በእሱም ኪስ ውስጥ ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ ነበር፤ መብራቱ በሸሚዙ ኪስ ላይ ብልጭ ይል ነበር።

አየሁት። ከዚያ ደብዳቤዬን አጥፌ ያዝኩና በሩን አልፌ ዳገቱን ጀመርኩ።